ከቦቢና ከውሮ ጋር በበረዶው ወራት

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በኮሎራዶ ግዛት፣ ኦሮራ ከተማ ነው። ብርዱ ሲበረታ አርቪያችንን፣ ማለትም አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለውን መኪናችንን አስነሥተን ወደ አሪዞና በረሃ መውረድ ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ውሻችን ቦቢና ድመታችን ውሮም አብረውን ይጓዛሉ። ደብረ ብርሃን የምትኖረው እናቴ፣ ውርጭን አሳምራ የምታውቅ ሴት ናትና፣ ስደውልላት አስቀድማ የምትጠይቀኝ «ልጄ፣ እንስሶቹን ብርድ አይመታቸውም ወይ?» ብላ ነው። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱ ከጠጉራቸው ይልቅ በመኪናው ባትሪ ላይ የተመሠረተ መሆኑን የተረዳሁት ግን በመጀመሪያው ጉዟችን ነው።

ከኦሮራ በሀይዌይ 25 ወደ ደቡብ ወርደን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የራቶንን መተላለፊያ አልፈን ኒው ሜክሲኮ ስንገባ መሽቶብን ነበርና፣ የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ሜዳ ላይ አደርን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቦቢ ቀዝቃዛ አፍንጫውን መዳፌ ላይ ደጋግሞ ሲጭን ነቃሁ። ማሞቂያው ድምፁ ጠፍቷል፤ የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል በረዶ ሠርቷል፤ ውሮ ደግሞ ከብርድ ልብሱ ሥር ገብታ ከባለቤቴ እግር ጋር ተጣብቃለች። ጋዝ አላለቀብንም ነበር። ያለቀው ባትሪው ነው።

የአርቪ ማሞቂያ ፕሮፔን ጋዝ ቢያቃጥልም፣ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚገፋው ማራገቢያ የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ የባትሪው ጉልበት ሲወርድ ማራገቢያው በቂ አየር ስለማይገፋ፣ ጋዙ ለደኅንነት ሲባል ጭራሹን አይለኮስም። የእኛ ማራገቢያ 7 አምፔር ያህል ይወስዳል። በ10 ሰዓት ሌሊት ውስጥ ግማሹን ጊዜ ብቻ እንኳ ቢሠራ 35 አምፔር ሰዓት (የባትሪ ጉልበት የሚለካበት ነው) ይፈጃል፤ ተራ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ቢወርድ ይጎዳል፤ ቅዝቃዜው ራሱም አቅሙን ይቀንሰዋል። ስለዚህ 80 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት አንድ ባትሪ፣ መብራቱና የውኃ ፓምፑ ሲጨመሩበት፣ አንድ ውርጫም ሌሊት እንኳ በእርግጠኝነት አያሳድርም። እኛ ብንነቃ መኪናውን አስነሥተን ባትሪውን እንሞላለን። እንስሶቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮስ? ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሁለተኛ ባትሪ ጨምረናል፤ ውርጭ በሚጠበቅበት ሌሊት ኤሌክትሪክ ባለበት የካምፕ ቦታ ከፍለን እናድራለን፤ ከበረዶው አገር እስክንወጣ ድረስም ከሁለታችን አንዳችን ከእንስሶቹ ጋር እንቀራለን። ሙቀት ሲወርድ በስልክ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ጠቃሚ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ግን ልንተማመንበት አንችልም።

ክፍሉን በማብሰያው ምድጃ ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም። በጠባብ ክፍል የሚነድ ጋዝ ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሊያጠራቅም ይችላል፤ ከአልጋችን በታች የሚተኙት እነዚህ ፍጥረታትም የሚተነፍሱት ያንኑ አየር ነው። ቡና ለማፍላት ምድጃውን በለኮስን ቁጥር የጣሪያውን መተንፈሻ እንከፍታለን፤ ይህም የጀበናውን እንፋሎት ስለሚያስወጣ ግድግዳው ከእርጥበት ይድናል።

ስለ አንቲፍሪዝ፣ ማለትም ውኃው በብርድ እንዳይረጋ ስለሚጨመረው ፈሳሽ፣ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በመኪና ሞተር ውስጥ የሚጨመረው አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ እንስሳት ይልሱታል፤ ጥቂቱ እንኳ ኩላሊታቸውን አጥፍቶ ይገድላቸዋል፤ በተለይ ድመትን። ለውኃ ቧንቧ የሚሆነው ሮዝ ቀለም ያለውና ከፕሮፒሊን ግላይኮል የሚሠራው መርዛማነቱ እጅግ ያነሰ ነው። ነዳጅ ማደያ ስንቆም ቦቢ ከመሬት ምንም እንዳይልስ ገመዱን አሳጥሬ እይዛለሁ፤ ሲመለስም የመንገዱ ጨው የእግሩን መዳፍ እንዳያቃጥለውና ልሶም እንዳይውጠው በለብ ያለ ውኃ አጥባለሁ።

ውሮን በተመለከተ የሚያስፈራኝ ብርዱ ሳይሆን፣ ወደ ጎን ተስቦ የሚወጣውና የሚገባው የመኪናው ክፍል ነው። ድመት ሙቀት ፍለጋ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች፤ ክፍሉ ሲዘጋ ደግሞ ሊጨፈልቃት ይችላል። ስለዚህ ባለቤቴ ውሮን በመጓጓዣ ሣጥኗ ውስጥ ከትታ «ይዣታለሁ» ሳትለኝ ቁልፉን አልነካም።

ወደ ደቡብ በወረድን ቁጥር ጉዞው ይቀላል። በኋይት ሳንድስ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከ6 ጫማ በማይበልጥ ገመድ እስከተያዘ ድረስ ውሻ በነጩ አሸዋ ላይ እንዲሄድ ይፈቀድለታል፤ ብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻን በእግር መንገዶቻቸው ላይ ስለማያስገቡ፣ እዚያ አንድ ሙሉ ቀን እንሰጠዋለን። ከዚያ በቱሳን ከተማ በኩል አልፈን፣ በአሪዞና በረሃ ያለችው ክዋርትዝሳይት ከተማ እንደርሳለን። በዙሪያዋ ያለው የመንግሥት መሬት ከመስከረም እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ለረጅም ጊዜ ሰፋሪዎች ክፍት ስለሆነ፣ በየዓመቱ በብርዱ ወራት እጅግ ብዙ አርቪዎች ይሰፍሩበታል።

በረሃውም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ባለፈው ዓመት ቦቢ ቾያ በሚባለው ቁልቋል ተወግቶ፣ አንዱ እሾሃማ ቁራጭ በፊት እግሩ ጣቶች መካከል ተጣበቀ። በጥርሱ ሊነቅለው ሲሞክር ባለቤቴ አፉን ያዘችልኝ፤ እኔም የማበጠሪያ ጥርሶችን ከቁራጩ ሥር አስገብቼ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ፈነቀልኩትና የቀሩትን እሾሆች በጉጠት አንድ በአንድ ለቀምኩ። ሙሉ ጊዜውን እየተንቀጠቀጠ ዐይኔን ዐይኔን ያየኝ ነበር። አሁን ያ ማበጠሪያ ከጉጠቱ ጋር በሩ አጠገብ፣ ከገመዱ ጎን ተሰቅሏል።