43 ያልተቆረጡ ኩፖኖች

የድሮ ቦንድ እንደምሰበስብ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አሁን ይዘረዘራል?» ብሎ ነው። አይዘረዘርም። ኢንተርኔት ላይ «በወርቅ ይከፈልበታል» እያሉ የሚቸበችቡም አሉ፣ አትስሟቸው።

ከሁሉም የምወደው የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1913 የሸጠው የ20 ፓውንድ ቦንድ ነው። ጠቅላላ ብድሩ 25 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፣ ወለዱ በዓመት 5 በመቶ። አበዳሪዎቹ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የሩሲያና የጃፓን ባንኮች ሲሆኑ፣ የቻይናው ፕሬዚዳንት ዩዋን ሺካይ ፓርላማውን ሳያስፈቅድ ነው የተዋዋለው። ይሄን ሁሉ ያነበብኩት ቦንዱን ከገዛሁ በኋላ ነው፤ ስገዛው ያየሁት ጌጡን ብቻ ነበር።

አሁን ግን ጌጡን ትቼ የማየው ከቦንዱ ጋር የታተሙትን ትናንሽ የወለድ ቁራጮች፣ ኩፖኖቹን ነው። ባለቤቱ በየስድስት ወሩ አንዷን በመቀስ ቆርጦ ባንክ ይወስድ፣ 10 ሺሊንግ (ግማሽ ፓውንድ) ወለዱን ይቀበል ነበር። የእኔው ላይ 43 ቀርተዋል፤ የመጀመሪያዋ የጁላይ 1939፣ የመጨረሻዋ የጁላይ 1960። ጃፓን ቻይናን ወርራ ክፍያው የተቋረጠው በ1939 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን አንድ የማላውቀው ሰው ለዓመታት እየቆረጠ ወስዷቸዋል፣ አንድ ቦታ ላይ መቀሱ ስቶበት ጠርዙ ጠመም ብሏል፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አልነካቸውም። ደመርኳቸው፦ 21 ፓውንድ ተኩል፣ ዋናው 20 ፓውንድ ሳይጨመር።

የሙከራ ህትመት ደግሞ ሌላ ሱስ ነው። አታሚው ቦንዱን በብዛት ከማተሙ በፊት ቅርጹን ለማየት የሚያወጣው ነው፤ ተከታታይ ቁጥር የለውም፣ ብዙ ጊዜ ስስ ወረቀት ላይ ታትሞ ካርቶን ላይ ይለጠፋል። ለናሙና የተሰራው ግን ቁጥሩ ዜሮ በዜሮ ነው፤ እንዳይሸጥም ፊርማው ላይ ይበሳል። እኔ በዚህ ተሸውጃለሁ። አንድ ሻጭ «የሙከራ ህትመት» ብሎ የላከልኝን ፖስታውን ከፍቼ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ልሙጥ! በተቀረጸ የብረት ሰሌዳ የታተመ ቀለም ከወረቀቱ ከፍ ስለሚል ጣት ይይዛል። በአጉሊ መነጽር ሳየው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው፣ የኮምፒውተር ፕሪንት። ገንዘቤ አልተመለሰም፣ ወረቀቱን ግን ለማነጻጸሪያ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን የማድነው የራሳችንን ነው። የአፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1894 ፈቃድ አግኝቶ፣ በ1896 የተቋቋመው የምድር ባቡር ኩባንያ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፤ ሐዲዱን አዲስ አበባ ያስገባው ተከታዩ ኩባንያ ነው፣ በ1917። የዚያ የከሰረው ኩባንያ የአክሲዮን ወረቀት አልፎ አልፎ ጨረታ ላይ ይወጣል። ዋጋው ሲጠራ ዝም ብዬ ስልኬን እዘጋለሁ። ፎቶውን ግን ሴቭ አድርጌዋለሁ።