ደም ይመለሳል ወይስ ይደርቃል?

ትምህርት ቤት ተለዋጭ ዘይቤ ሲያስተምሩን «ካሳ አንበሳ ነው» ብለው አለፉ፣ እኛም የገጣሚ ጌጥ ነው ብለን ፈተናው ላይ ጽፈን ረሳነው። ግን እኮ ቡና ላይ ሰው ሲያወራ ጆሮ ብትሰጡት ግማሹ ዘይቤ ነው። ነደደ እንላለን፣ ጨሰ፣ ተንጨረጨረ፣ ከዛ «በረድ በል» ይባላል። ንዴት እሳት ነው ብሎ የወሰነ ሰው የለም፣ ግን ሁላችንም የምንይዘው እንደ እሳት ነው፣ አትቆስቁሰው ተወው ይብረድለት እያልን።

ጆርጅ ሌኮፍ የቋንቋ ሰው፣ ማርክ ጆንሰን ደሞ ፈላስፋ፣ በፈረንጆቹ 1980 ባወጡት መጽሐፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ክርክርን የሚያስበው እንደ ጦርነት ነው አሉ፣ ያጠቃል፣ ይከላከላል፣ ያሸንፋል። የኛ ግን ችሎት ይመስለኛል፣ ተሟገተ፣ ረታ፣ ተረታ። ለዛ ነው መሰለኝ ሁለት ሰው ሲከራከር ሶስተኛው ሳይጠሩት ዳኛ ሆኖ ቁጭ የሚለው።

ወሎ ላይ ግን ይሄ ነገር ከወሬ አልፎ ነፍስ ላይ ይመጣል። ሰው ሲገደል የሚበቀለው ወንድም «ደም መላሽ» ይባላል። መመለስ የብድር ቋንቋ ነው፣ ብድሩን መለሰ ይባል የለ። ብድር ደሞ ዝም ስላሉት አይጠፋም፣ አባት ሳይከፍል ቢሞት ልጅ ይወርሰዋል፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ሳይቀር ባለዕዳ ሆኖ ይጠበቃል። አበጋሮቹ፣ ማለቴ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ተቀምጦ የሚሰማቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ስራቸውን የሚጠሩት በሌላ ስም ነው፣ ደም ማድረቅ። ያው ደም ነው፣ ግን እዚህ ጋ ገንዘብ ሳይሆን የሚፈስ ነገር ሆነ። የሚፈስ ነገር ደሞ አይከፈልም፣ ይቆማል። ካሳ አለ እርግጥ፣ ብድሩን ጨርሰው አልካዱትም፣ ግን ካሳው ራሱ ማድረቂያው ውስጥ ነው የገባው።

በፈረንጆቹ 2011 ቲቦዶና ቦሮዲትስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች ስለ አንድ ከተማ ወንጀል አንድ አይነት ቁጥር ሰጥተው ለግማሹ ወንጀሉን አውሬ፣ ለግማሹ ቫይረስ ብለው ነገሩት። አውሬ የተባለላቸው ይበልጥ ወደ መያዝና ማሰር አደሉ፣ ቫይረስ የተባለላቸው ደሞ ከሌሎቹ ይልቅ ምክንያቱ ይፈለግ፣ ማህበረሰቡ ይታከም ወደሚለው። በኋላ ሌሎች ደግመው ሲሞክሩት እንዲህ አልወጣም ያሉም አሉ፣ ስለዚህ ቃል ብቻውን ሰው ይቀይራል ብዬ አልምልም። አበጋርም የሚሰማው በቃሉ ብቻ አይደለም፣ ክብሩም አለ፣ ዱዓውም አለ፣ እርግማኑም ይፈራል።

ግን የሟችን እናት አስቧት። «ብድሩን ተዪው» ብትሏት ልጅሽ ዋጋ የለውም ማለት ነው፣ እንዴት እሺ ትላለች? «ይድረቅ» ሲሏት ግን የልጇ ደም መፍሰሱን ማንም አልካደባትም፣ የሌላ ሰው ልጅ ደም አይጨመርበት ነው የተባለችው፣ ለዚህ ደሞ እሺ ብትል ልጇን አልከዳችም።