«ገባችሁ?»፦ 31 ጊዜ

የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የማስተማር ማሻሻያ ሳይታወጅ የሚያልፍ ሴሚስተር የለም። እኛም ዘንድ፣ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ፣ መምህራን ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ እንዲመለከት ተወሰነ። ፎርሙን የሞላ ያውቀዋል፤ «በጣም ጥሩ» በሚለው አምድ ከላይ እስከ ታች ምልክት ይደረግና ይፈረማል። ብዙዎቻችን የሞላነው ሻይ ቤት ተቀምጠን ነው። ኃላፊያችንን «የተመለከታቸው» ባልደረባችን በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ነበር።

የእኔ ዕጣ ጋሼ ላይ ወደቀ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ስላይድ የማይወዱ፣ ጠመኔ ከእጃቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ያጣመሩን ሰዎች ያሰቡት እኔ እሳቸውን እንድረዳ ነበር። ሙድል በሚባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ላይ ኮርስ የምከፍተው፣ ቪዲዮ የምቀርጸው እኔ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ዩኒቨርሲቲዎች በኮቪድ ሲዘጉ ለትምህርት ክፍሉ የቴሌግራም ቻናል የከፈትኩትም እኔው ነኝ። (ማንም አላመሰገነኝም፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።)

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ በርኖሳቸውን እንደ ለበሱ ገብተው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ፎርሙን ገለበጡና በጀርባው በእርሳስ የሆነ ነገር ይጭሩ ጀመር። እኔ በአማካይና በሚዲያን (ቁጥሮች በተርታ ሲደረደሩ መሃል ላይ በሚውለው) ልዩነት ላይ ነበርኩ። ያን ቀን ደግሞ አምሮልኛል ብዬ አምኜ ነበር።

«እንዴት አዩት፣ ጋሼ?» አልኳቸው በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ ምስጋናውን ለመቀበል ተዘጋጅቼ።

ወረቀቱን አቀበሉኝ። በቋሚ ሰረዝ አምስት አምስት እየታሰረ የተቆጠረ ነው። «ገባችሁ?»፦ 31። መልስ የሰጠ፦ 0። መምህሩ የጠበቀው፦ አንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ስታትስቲክስ አይደል የምታስተምረው? መረጃ ነው።»

«ዝም ያሉት እኮ ስለገባቸው ነው።»

ሻያቸውን አማሰሉ። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ይህን ልጆቹም ያውቃሉ።» ጥቂት ቆይተው ጨመሩ፦ «አንዱንማ እኔም አውቀው ነበር። እጄን ላወጣ ስል ስላይዱ አለፈ።»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ የሚያፈርሳቸው ጥናት ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1974 ያሳተመችውን ነው። መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ የተማሪው መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚለውም ይቀንሳል ትላለች። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ይህን ማግኘቴን ለጋሼ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ተራው የእኔ ሲሆን እርሳስ ቀርጬ ገባሁ፤ ልቆጥርባቸው። ጋሼ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡና ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመሩ፤ ከግራ ጥግ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብለው፣ የጠፋውን ደግመው እያጠፉ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ዳስተሩን አስቀምጠው እጃቸውን አራግፈው ሲዞሩ ሦስት እጆች ወጥተዋል። ያን ሰሌዳ አጠፋፍ እኮ እኔ ለዓመታት የእርጅና ነገር ነው እያልኩ ስቄበታለሁ።

ፎርሙን «በጣም ጥሩ» እያልኩ ከላይ እስከ ታች ሞልቼ አስገባሁ። ሻይ ቤት ከተሞሉት ጋር አብሮ ተጠረዘ።

ቀጥሎ ኮርሳቸውን ሙድል ላይ ልከፍትላቸው ተቀመጥን። እንደ እኔ የሃምሳ ደቂቃ ቪዲዮ እንጫን ብላቸው «የመንዙ ልጅ በስንት ብር ዳታ ያየዋል?» አሉኝ። ማያ ገጹን በመነጽራቸው በላይ አይተው ደግሞ «ይህ ነገር መጠበቅ ይችላል?» ብለው ጠየቁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ለካ ተማሪው የራሱን መልስ ሳይጽፍ የሌሎቹን መልስ የማያይበት የውይይት ዓይነት አለ፤ እዚያው ምርጫው ውስጥ ተቀምጧል። ስንት ዓመት ስጠቀምበት ከፍቼው አላውቅም ነበር። ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉበትና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔም ብሆን ግትር አይደለሁም። በሚቀጥለው ሳምንት በቀጥታ ስርጭት ሳስተምር ሚዲያን መቼ ከአማካይ እንደሚሻል ጠየቅኩና «ገባችሁ?» ሳልል አፌን ያዝኩ። በልቤ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ። አምስት ላይ ስደርስ የጽሑፍ መልእክቱ ብልጭ አለ።

«መምህር፣ ኔትወርክዎ ተቋርጧል።»

ሌላው ቀጠለ፦ «እኔም ጋ አይሰማም።» ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። አሥራ አራት ተማሪ ጻፈልኝ። በዚያ ሴሚስተር ያገኘሁት ትልቁ ተሳትፎ እሱ ነው።