የአጎቴ ገጀራ

ባለፈው መስከረም ቦንጋ አካባቢ አጎቴ ዘንድ ሰነበትኩ። የእሳቸው ቡና የእርሻ ቡና አይደለም። ጫካ ውስጥ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ስር ራሱ የበቀለ ነው። በልጅነቴ ክረምት ክረምት እዚያ ስለማሳልፍ አንዳንዱን ዛፍ እንደ ሰው ነው የማውቀው።

ከማውቃቸው አንዱን ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ውሃ የጠማው ይመስላል፤ መሬቱ ግን በዝናብ ርሷል። አጎቴ ጎንበስ ብለው ከግርጌው ልጡን በቢላ ፋቅ አደረጉት። እንጨቱ ጠቁሯል። «ይሄ አልቆለታል፣ ልጄ» አሉኝ።

ግንድ አድርቅ የሚሉት በሽታ ነው። ፉዛሪየም ዛይላሪዮይድስ የሚባል ፈንገስ ያመጣዋል። መጀመሪያ የታየው በ1927 እ.ኤ.አ. መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ ነው። ፈንገሱ በቁስል በኩል ግንዱ ውስጥ ይገባና ውሃ የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋል። ለዚህ ነው ዛፉ ዝናብ እየዘነበ በጥም የሚሞተው። አንዴ ከገባ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ቁስሉን ማን ያበጀዋል? እኛው። ከለቀማ በፊት ጫካው ይመነጠራል። ገጀራው ቁጥቋጦውን ሲመታ የቡናውንም ግንድ ይጭረዋል። የታመመውን የነካ ስለት ቀጥሎ ጤነኛውን ይነካል። እንዲህ እያለ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄዳል። የአጎቴን ጫካ ዞሬ ሳይ የደረቁት አራቱም ዛፎች ምንጠራ የሚጀመርበት መንገድ ዳር ናቸው። ልቤ ተሰበረ። እሳቸውም ዝም ብለው ቆዩ።

ስለቱ ብቻም አይደለም። በሞተው ዛፍ ልጥ ስንጥቅ ውስጥ ፈንገሱ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ዘሩን ዝናብና ነፋስ ያዳርሱታል። የደረቀውን ቡና ለማገዶ ተሸክሞ ጫካውን ማቋረጥም ያው ነው፣ በሽታውን በየመንገዱ መዝራት። ስለዚህ አራቱንም ከነስራቸው ነቅለን ሳናንቀሳቅስ እዚያው አቃጠልናቸው። እርጥብ ስለነበሩ እስኪመሽ ድረስ ጨሱ።

አሁን አጎቴ ጋ ምንጠራ ተቀይሯል። በግንዱ ዙሪያ ያለው አረም በእጅ ይነቀላል። የአጎቴ ልጅ ፍም ይዞ ይከተላል፤ ወደ ሌላ ዛፍ ከመሻገራቸው በፊት ስለቱን እሳት ያስነኩታል። ቀኑን ያረዝመዋል፣ ያደክማል። ትናንት ስደውል ግን አጎቴ መጀመሪያ የነገሩኝ ከተቃጠሉት አጠገብ ስላለው ሽማግሌ ቡና ነው። በሁለቱም ጎኑ አረንጓዴ ነው አሉኝ።