የቆዩ ገጾችን በቦታቸው ስለ ማደስ፦ ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ የተማርኩት

ለአንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ ይዘት ማዘጋጀት ከጀመርኩ ወዲህ አብዛኛው የሥራ ጊዜዬ የሚያልፈው ቀደም ሲል የተጻፉትን ገጾች በማደስ ነው። በተመሳሳይ ሥራ ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ የማካፍለው ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ አንድ ገጽ ለዓመታት በአንድ አድራሻ ከቆየና ሌሎች ድረ ገጾችም ሲጠቅሱት ከኖሩ፣ አዲስ ገጽ ከፍቶ ከባዶ ከመነሣት ይልቅ ነባሩን እዚያው ማስተካከል ለአነስተኛ ድርጅት አቅም እጅግ ይቀላል።

ሥራውን የምጀምረው የድረ ገጹ ገጾች በጎግል ፍለጋ ስንት ጊዜ እንደታዩና እንደተከፈቱ ከሚያሳየው ከጎግል ሰርች ኮንሶል ነው። አገልግሎቱ ነጻ ሲሆን የ16 ወር የፍለጋ መረጃ ያስቀምጣል፤ ስለዚህም ያለፈውን የጉብኝት ወቅት ከዘንድሮው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሜ የምለያቸው በፍለጋ ውጤት ላይ ብዙ ጊዜ ታይተው ጥቂት ሰው ብቻ የሚከፍታቸውን ገጾች ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ ጎግል ለጥያቄው ይመጥናል ብሎ ቢያቀርበውም ፈላጊው ርእሱን አይቶ ያልፈዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መፈተሽ ያለባቸው ርእሱና ከሥሩ የሚታየው አጭር መግለጫ ናቸው። ከዚህ ሪፖርት እኩል የምተማመንበት ደግሞ የድርጅቱን ስልክ የምታነሣው ባልደረባችን የያዘችው ማስታወሻ ነው፤ ደንበኞች በየጊዜው ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ ገጹ ላይ መልስ ያላገኙበት ጥያቄ ነውና።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ላሳይ። በድረ ገጹ ላይ «ዘጠኙ የኢትዮጵያ የዓለም ቅርሶች» የሚል ገጽ ነበር፤ በተጻፈበት ጊዜ ቁጥሩ ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍሩ ቁጥሩ 11 ደረሰ፤ በ2024 መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ሲጨመር ደግሞ 12 ሆነ። በዚያው ገጽ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ተቀምጦ ነበር፤ ፓርኩ ግን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት ከዚያ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። ለጉዞ ገንዘቡን ሊከፍል የተዘጋጀ ሰው እንዲህ ያለ ያረጀ መረጃ ሲያነብ ዋጋውንና የጉዞ ፕሮግራሙንም ይጠራጠራል። ስለዚህ ቁጥሩን አስተካከልን፣ ሦስቱን አዳዲስ ቅርሶች እያንዳንዳቸውን በአጭር አንቀጽ ጨመርን፣ መስቀልና ጥምቀትም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈሩ በመሆናቸው ከዚህ ቁጥር እንደማይገቡ ገለጽን። ጎብኚዎች ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እንደሚመዘገቡና ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር እንደሚጓዙ የሚያስረዳው ክፍል ዛሬም ልክ ስለሆነ አልነካነውም። የገጹ አድራሻ ቁጥር ስላልነበረው እንዳለ ቀጠለ፤ በአድራሻ ውስጥ ቁጥርም ሆነ ዓመተ ምሕረት አለማስገባት ምን ያህል እንደሚጠቅም በተግባር ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

የጥምቀት ገጾች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በየዓመቱ አንድ አዲስ ገጽ ይከፈት ስለነበር ተመሳሳይ ይዘት ያላቸው በርካታ ገጾች እርስ በርሳቸው ይሻሙ ነበር፤ አንዳንዴም ፈላጊው ፊት የሚቀርበው ያለፈው ዓመት ገጽ ነበር። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ጥር 11 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 19 ቢውልም ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ፣ ለምሳሌ በ2024፣ ጃንዋሪ 20 ይውላል። በአሮጌው ገጽ ተመርቶ ትኬት የቆረጠ እንግዳ የከተራን ዕለት በአንድ ቀን ሊስተው ይችላል። አሁን ዓመት የሌለበት አንድ ቋሚ ገጽ ብቻ አለን፤ የቀድሞዎቹ ገጾች ጥሩ ፎቶዎችና መግለጫዎች ወደዚያ ተዛውረዋል፣ አሮጌዎቹ አድራሻዎችም በ301 ሪዳይሬክት፣ ማለትም አሮጌውን አድራሻ የከፈተን ሰው በቋሚነት ወደ አዲሱ በሚወስድ ትእዛዝ፣ ወደ እሱ ይመራሉ። ጎግል ይህን መሰሉ ሪዳይሬክት ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል፤ እኔ ጨርሶ ባይነሣ እመርጣለሁ። ተተኪ የሌለውን ገጽ ግን ወደ መነሻ ገጽ መላክ ፋይዳ የለውም፤ ጎግል ይህን የጠፋ ገጽ አድርጎ ስለሚቆጥረው 404 (ገጹ አልተገኘም) ወይም 410 (ገጹ ተነሥቷል) የሚል ምላሽ እንዲመልስ ማድረግ የተሻለ ነው።

ቀን ቀይሮ ገጹን አዲስ ማስመሰል በብዛት ሲመከር ይሰማል፤ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ጎግል በሳይትማፕ (ለፍለጋ ሞተሮች በሚዘጋጀው የገጾች ዝርዝር) ላይ ያለውን የመጨረሻ ማሻሻያ ቀን የሚጠቀምበት እውነተኛ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ነው። እኛ ቀኑን የምንቀይረው ይዘቱ በእርግጥ ሲለወጥ ነው፤ ምን እንደተለወጠም በአንድ ዓረፍተ ነገር ከገጹ ግርጌ እንጽፋለን። በብር የተጻፈ ዋጋም መቼ እንደወጣ ሳይገለጽ አይቀመጥም፤ በተለይ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የተጻፉትን በሙሉ አንሥተናል።

የታደሰ ገጽ ከሌሎች ገጾች ካልተጠቀሰ ማንም አይደርስበትም። ስለዚህ ብዙ አንባቢ ካላቸው የላሊበላና የጎንደር ገጾች ወደ ጥምቀቱ ገጽ የሚወስዱ ሊንኮችን፣ «እዚህ ይጫኑ» ሳይሆን ጉዳዩን በሚገልጽ ቃል፣ አስገባን።

ቀጥሎ ተራው የመስቀል ገጽ ነው። የውጭ እንግዶች ጉዟቸውን ከወራት በፊት ስለሚያቅዱ እድሳቱ ከክረምቱ መግቢያ በፊት መጠናቀቅ አለበት። አንድ ገጽ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲኖር ሁለቱን እኩል እያደሰ የቆየ ባልደረባ ካለ ሥራውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያካሂድ ቢያካፍለን ደስ ይለኛል፤ የእኛ የአማርኛ ገጾች ከእንግሊዝኛዎቹ ኋላ እየቀሩ ነውና።