ተራራው መሰከረ

ዛሬ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣሁ ቀና ስል ቴሌቪዥኑ ዜና ላይ ነው። ድምፁ ተዘግቷል። ያ የትግራይ ጦርነት ጊዜ መጣብኝ።

ኅዳር 21 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከዚህ ካፌ ብዙም በማይርቀው ፓርላማ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ሠራዊቱ ከተሞችን ሲይዝ አንድም ሲቪል አልገደለም አሉ። ጦርነት እንኳ አይባልም ነበር፤ «ሕግ ማስከበር» ነው ስሙ። እኔም አመንኩ። ማመን ፈልጌ ነበር። ትግራይ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጧል። እናቴ ከአድዋ ወጣ ያለ ገጠር ወደምትኖር እህቷ ማታ ማታ ትደውላለች። አይሠራም። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዝም ትላለች።

ከዚያ ትግራይ ውስጥ ያለችው የማኅበረ ዴጎ ቪዲዮ መጣ። ወታደሮች ያልታጠቁ ወንዶችን ገደል አፋፍ ላይ እየረሸኑ ወደ ታች ይጥላሉ። መንግሥት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወጣ ነገር ማስረጃ አይሆንም አለ። እኛ ደግሞ ኮመንት ላይ ስንሰዳደብ ከረምን። ቪዲዮውን የመረመሩት ጋዜጠኞች ግን ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን ተራራ አዩ። የጫፉን ቅርጽ፣ ጉብታውንና ስርጉዱን፣ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩት። ገጠመ። ቦታው ታወቀ። ተራራ ደግሞ ወገን የለውም።

መጋቢት 2014 መተከል ውስጥ ሰው በቁሙ ሲቃጠል የሚያሳየው ቪዲዮ ሲወጣማ መንግሥት ራሱ ድርጊቱ መፈጸሙን አመነ። ባይቀረጽ ኖሮ ማን ይነግረን ነበር?

የሚያንገበግበኝ የራሴ ነገር ነው። አንድ ቀን የሌላ አገር ጦርነት ፎቶ የእኛ መስሎኝ ሼር አደረግሁ። አንዱ ነገረኝ፤ አጠፋሁት። ግን ስንቱ ወስዶታል። በማግስቱ አንድ ልጅ የተገደለ ወንድሙን ፎቶ ለጠፈ። እውነተኛ ፎቶ ነው። «እናንተ እኮ የለመዳችሁት ውሸት ነው» አሉት። የእኔም እጅ አለበት። ያን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሁን ከማጋራቴ በፊት ጀርባውን አያለሁ፤ ታፔላውን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ ተራራውን።

ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ከዚያም ቆይቶ፣ አንድ ማታ የአክስቴ ስልክ ጠራ። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ አክስቴ፣ «እዚያ ሰምታችሁ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ መልስ አልሰጠቻትም። ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ።