ሯጩ በ12 ሰከንድ የደረሰበት ስሌት

በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው የቤዝቦል ሲሙሌሽን ጨዋታ ከጥቂት ቀናት በፊት የሜዳ ውስጥ ሆም ረንን በትክክል ማስተናገድ ስለ ጀመረ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን አብረን ፕሮግራሚንግ ለምንማማር ጓደኞቼ ያለፍሁበትን መንገድ ላካፍላችሁ። ይህ ዓይነቱ ሆም ረን ኳሷ አጥሩን ሳትሻገር፣ መቺው ቤዞቹን፣ ማለትም በአራቱ የሜዳው ማዕዘኖች ያሉትን ማረፊያዎች፣ ሁሉ በሩጫ ዞሮ መነሻው ላይ ሲደርስ የሚመዘገብ ነው።

የውርወራውንና የምቱን ክፍል በፓይተን መጻፍ ብዙም አላስቸገረኝም። የሜዳ ውስጥ ሆም ረንን ግን መጀመሪያ እንደ ዕጣ ቆጥሬው ከሆም ረኖቹ መካከል ጥቂቱን በዘፈቀደ እመርጥ ነበር። ይህ አሠራር ከሥሩ የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክስተቱ አጥር ከሚሻገር ምት ይልቅ መቺው እስከ ሦስተኛው ቤዝ ለሚደርስበት ለሦስት ቤዝ ምት ይቀርባል። በሦስት ቤዝ ምት ብዛት እስከ ዛሬ አቻ ያልተገኘለት ተጫዋች ሳም ክሮፎርድ፣ በ1901 እ.ኤ.አ. በአንድ የውድድር ዘመን 12 የሜዳ ውስጥ ሆም ረን ያስመዘገበውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ስለዚህ ዕጣውን ትቼ፣ ሯጩ የሚፈጅበትን ጊዜ ኳሷ በቅብብል ወደ መነሻው ከምትመለስበት ጊዜ ጋር ማወዳደር ጀመርሁ።

ወራት የፈጀብኝ የሯጩ ጊዜ ነው። በሁለት ቤዞች መካከል 27.43 ሜትር ስላለ ዙሩ 110 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ እጅግ ፈጣን የሚባል ተጫዋች በሰከንድ 9.1 ሜትር ስለሚሮጥ አካፍዬ 12 ሰከንድ አገኘሁ። ጨዋታዬም በሜዳ ውስጥ ሆም ረን ተጥለቀለቀ። እኔ ግን ስሌቱን በመመርመር ፈንታ የተከላካዮቹን ክንድ ከልክ በላይ እያጠነከርሁ ቁጥሩን ዝቅ አደርግ ነበር፤ የሌሎቹን ምቶች ውጤት ሁሉ ስላበላሸብኝ እስከ አሁን ይቆጨኛል። ተጫዋቹ ባይረን በክስተን በ2017 እ.ኤ.አ. ዙሩን በ13.85 ሰከንድ መጨረሱን ሳነብ ነው ስሕተቴ የተገለጠልኝ፤ እርሱን የመሰለ ፈጣን ሰው 12 ሰከንድ ካልደረሰ ጉድለቱ የእኔ ስሌት ነው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ መስክ ላይ በገመድ ለክተን አራት ድንጋይ አኖርን። ብርዱ እያንዘፈዘፈን፣ መጀመሪያ 110 ሜትሩን በቀጥታ፣ በደንብ ካረፍሁ በኋላ ደግሞ በድንጋዮቹ ዙሪያ ሮጥሁ፤ እርሱ በስልኩ ሰዓት ያዘልኝ። ዙሩ ከቀጥታው ከሁለት ሰከንድ በላይ በለጠ፤ በየማዕዘኑ ሰው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ወደ ውጭ ሰፋ አድርጎም ይዞራል። አሁን ኮዱ ከቆሙበት ለመነሣት የሚፈጀውን፣ በሦስቱ ማዕዘኖች የሚባክነውንና በቀጥታው መንገድ የሚያልፈውን ጊዜ ለየብቻ አስልቶ ይደምራል።

ስለዚህ ጠቅላላ ቁጥሩን ከማስተካከላችሁ በፊት የአንዱን ሯጭ አንድ ዙር አስተካክሉ። የተከላካይ ስሕተትን በመመዝገብ ረገድ ግን ከእኔ አትማሩ። ተከላካዩ ሊይዛት የሚገባውን ኳስ አሳልፎ መቺው በዚያ ምክንያት ከተመለሰ ሆም ረን አይባልም፤ የእኔ ኮድ ግን ኳሷ አጥር መትታ ባልተጠበቀ አቅጣጫ ስትነጥርም የተከላካይ ስሕተት አድርጎ ይመዘግባል፤ እስካሁን እያንዳንዱን በእጄ ነው የማርመው።